ራስን መቻልና ራስን ማምለክ ለየቅል ናቸው፦ «የእኔነት ዘመን»ን ለሚያወግዙት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

የዛሬውን ኅብረተሰብ «የእኔነት ዘመን» ብለው የሚወቅሱ አንድ ጸሐፊ ያቀረቡትን ረጅም ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የዘመኑ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ራሱን ብቻ የሚያይ ሆኗል፤ ለዚህ ያበቃው ስለ ግለሰብ መብትና ነጻነት ሲሰበክ የኖረው ትምህርት ነው፤ ውጤቱም ብቸኝነትና የወደቀን የማያነሳ ማኅበረሰብ ነው፤ መድኃኒቱ ግለሰቡ ፈቃዱን ለማኅበረሰቡ አስገዝቶ ወደ ቀድሞው ኑሮ መመለሱ ነው።

የጸሐፊው ቁጭት የማስመሰል አይደለም። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው፣ ሐዘንተኛ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ወዳጅ፣ ወሬው ሁሉ ከራሱ ተነሥቶ በራሱ የሚያልቅ እንግዳ እኔንም ያሳዝኑኛል። የምንለያየው ተከሳሹ ማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው ራሱን የሚያመልከውን ሰው ለመክሰስ ተነሥተው፣ በገዛ ሕይወቱ ላይ መወሰን የሚፈልገውን ሰው ችሎት ፊት አቆሙት። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም፤ ብዙ ጊዜም ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ ባነሳቸው ነጥቦች ተራ እሄዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሶቅራጥስ አስቀድሞ ተናግሮታል»

ጽሑፉ የሚጀምረው ለሶቅራጥስ በተሰጠ ጥቅስ ነው። የዛሬ ልጆች ቅንጦት ይወዳሉ፣ ታላላቆቻቸውን አያከብሩም፣ ወላጆቻቸውን ይሞግታሉ የሚል ጥቅስ ነው። ይህ ቃል የሶቅራጥስ አይደለም። ፕላቶም ሆነ ዜኖፎን ከመምህራቸው ሰምተው እንዲህ ያለ ነገር አልጻፉም። ምንጩ ኬኔት ጆን ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ጥንታዊት ግሪክ ትምህርት ያዘጋጀውና በ1907 የታተመው ጥናት ነው። ፍሪማን የጥንት ሰዎች በወጣቶች ላይ ያሰሙት የነበረውን ስሞታ በራሱ አነጋገር ጠቅለል አድርጎ አሰፈረው፤ ከጊዜ በኋላ አንቀጹ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲዞር የሶቅራጥስ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ የጥቅስ ስህተት ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍኩት። ነገር ግን ጥቅሱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚመሰክረው በጸሐፊው ላይ ነው። ከ2,400 ዓመታት በፊት ወጣቱ በዚሁ ቃል ይወቀስ ከነበረ፣ ወቀሳው የዘመናዊነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በ2019 ጆን ፕሮትዝኮና ጆናታን ስኩለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ሰው ወጣቱን አጥብቆ የሚወቅሰው እርሱ ራሱ በሚበረታበት ነገር መሆኑን አሳይተዋል። ብዙ ያነበበ ሰው የዛሬ ልጆች ንባብ ጠሉ ይላል፤ ሥልጣን አክባሪው ሰው ደግሞ የዛሬ ልጆች ክብር አያውቁም ይላል። በ2023 አዳም ማስትሮያኒና ዳንኤል ጊልበርት ይህንኑ ጉዳይ በሰፊው መረመሩት። ቢያንስ በ60 አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ሥነ ምግባር እየዘቀጠ ነው ብለው ያምናሉ፤ እምነቱም ቢያንስ ለ70 ዓመታት ቆይቷል። እነዚሁ ሰዎች በየዘመናቸው ስላሉ፣ በዙሪያቸው ስለሚያዩአቸው ሰዎች ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየወረደ አልሄደም። ዝቅጠቱ እውነት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ መታየት ነበረበት።

«ናርሲሲዝም ወረርሽኝ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል»

አልተረጋገጠም። ናርሲሲዝም የሚባለው ራስን ከልክ በላይ ማድነቅ ነው። ጸሐፊው የተመረኮዙበት መለኪያ ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መጠይቅ ነው። ተጠያቂው ጥንድ ጥንድ ሆነው ከቀረቡለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ይመርጣል፤ ለምሳሌ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ቢያርፍ ደስ ይለኛል ወይስ ከሕዝቡ ጋር ተመሳስዬ መቀመጥ እመርጣለሁ ዓይነት። በ2008 በአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ከተደረጉ 85 ጥናቶች የተሰበሰበ ውጤት፣ ከ1980ዎቹ እስከ 2006 ነጥቡ ከፍ ማለቱን አመለከተ። «ወረርሽኝ» የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ ነው። በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ሺህ ተማሪዎችን መርምረው እንዲህ ያለ ለውጥ አላገኙም። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1990ዎቹ እስከ 2010ዎቹ ነጥቡ መጠነኛ ቅናሽ ማሳየቱን ዘግቧል። በዚያ ላይ ሁሉም የአሜሪካ ተማሪዎች ናቸው። የአንድ አገር የኮሌጅ ልጆች የሰጡትን፣ ያውም እርስ በርሱ የሚጋጭ መልስ ይዞ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

«ራስን ማሳየቱ የነጻነት ትምህርት ፍሬ ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው በዚህ ነጥብ ላይ ነውና።

በመጠይቅ ባይረጋገጥም፣ ሰው ራሱን ያለ ማቋረጥ ለእይታ ሲያቀርብ ማየታችን እውነት ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያዩ ከራሱ ጋር ፍቅር የያዘው፣ የማንም አስተያየት የማይገደው ሰው ይታያቸዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የወንድሜ ልጅ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ናት። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ራሷን ፎቶግራፍ አነሣች። አልወደደችውም፤ አጥፍታ ደገመችው። መስኮቱ ወዳለበት ዞረች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ፀጉሯን ወደ አንድ ትከሻዋ መለሰች፤ እንደገና አጠፋች። በመጨረሻ አንዱን መርጣ በማኅበራዊ ገጿ ለሰው አሳየችና ስልኩን በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው፤ የማይገዳት መስላ። ብዙም አልቆየች፣ ገለበጠችው። ጥቂት ሰው ብቻ ወዶታል። ደፋችው፤ ገለበጠችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር ፎቶግራፉን አጠፋችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ኩራት አልነበረም፤ ፍርድ የሚጠባበቅ ሰው ጭንቀት ነበር።

ይህችን ልጅ «ለራስሽ ብቻ ትኖሪያለሽ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ችግሯ የራሷ የሆነ መቆሚያ ማጣቷ ነው። ማማሯን የምታውቀው ሌሎች ሲነግሯት ነው፤ ካልነገሯት አላማረችም ማለት ነው። ፊቷን ለማያውቋት ሰዎች አስረክባ ዋጋውን እነርሱ እንዲተምኑላት ትጠብቃለች። ጸሐፊው ለማኅበረሰብ መገዛትን መድኃኒት ነው ይሉናል፤ ልጅቷ ግን ከማንም በላይ የተገዛች ናት።

ይህን ወጥመድ ያበጀው ደግሞ የትኛውም የነጻነት ፈላስፋ አይደለም። የተሠራበት ቀንና የሠሩት ሰዎች የሚታወቁ ናቸው። ፌስቡክ በ2004 ተመሠረተ፤ የወዳጆችን እንቅስቃሴ በአንድ ገጽ የሚያዥጎደጉደው አሠራሩ በ2006 መጣ፤ አውራ ጣት የሚታይበት «ወደድኩት» የሚለው ምልክት በ2009 ተጨመረ። በ2010 አይፎን ከፊት ለፊቱ ካሜራ ተገጠመለት፤ በዚያው ዓመት ኢንስታግራም ተከፈተ። ወደ ታች በገፉት ቁጥር መጨረሻ የሌለውን ገጽ በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን ከዓመታት በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የእነዚህ ኩባንያዎች ገቢ በዋናነት የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው ደግሞ ሰው በማያ ገጹ ላይ በቆየው ልክ ነው። ሰውን ለማቆየት ደግሞ ሌሎች ስለ እርሱ ምን እንዳሉ እንዲያይ ደጋግሞ ከመጥራት የበለጠ ዘዴ አልተገኘም። ትርፍ የሚገኘው ሰው ራሱን በመውደዱ ሳይሆን ራሱን በመጠራጠሩ ነው። ጸሐፊው ስድስት ገጽ ሙሉ ወጣቱን ሲወቅሱ ስለዚህ ንግድ አንድም ቃል አለመተንፈሳቸው ያሳዝነኛል።

«ስለ ግለሰብ መብት መስበክ ማኅበረሰብን ያፈርሳል»

ጸሐፊው ፈረንሳዊውን አሌክሲስ ደ ቶክቪልን ምስክር አድርገው ጠርተዋል። ቶክቪል በ1831 አሜሪካን ጎብኝቶ ስለ አገሪቱ ዲሞክራሲ ከጻፈው መጽሐፍ በ1840 ባሳተመው ሁለተኛ ክፍል፣ እኩልነት የሰፈነበት ሕዝብ እያንዳንዱ ወደ ቤተሰቡና ወደ ጥቂት ወዳጆቹ ሸሽቶ ሰፊውን ማኅበረሰብ ለራሱ ዕጣ እንዳይተወው እንደሚሰጋ ጽፏል። ልክ ነው። ምስክሩ ግን እስከ መጨረሻው ይደመጥ። ያው ቶክቪል የብዙኃኑ አስተያየት በግለሰቡ አእምሮ ላይ ስለሚያሳድረው ከባድ ጫና አብዝቶ ጽፏል። እርስ በርሱ የተነጣጠለ ሕዝብ ለአምባገነን እንደሚመች፣ አምባገነኑም ዜጎቹ እርስ በርስ እስካልተዋደዱ ድረስ እርሱን አለመውደዳቸውን ቅር እንደማይለው ተናግሯል። መፍትሔ ብሎ ያመለከተው ነጻ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሟቸውን ማኅበራት ነው። «ግለሰቡ ይገዛ» የሚል ቃል አልወጣውም።

ከቶክቪል ይልቅ ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም ነው፤ እርሱም የጻፈው የምላሽ ጽሑፍ ነበር። በ1894 የፈረንሳይ ጦር ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፉስን በአገር ክህደት ከሰሰው። ሰውየው ንጹሕ ነበር፤ አይሁዳዊ መሆኑ ግን ጥርጣሬውን አቀለለው። ተፈረደበትና በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ወደምትገኘው የሰይጣን ደሴት ተጋዘ። በ1898 ጸሐፊዎችና ምሁራን ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለው ሲነሡ፣ ፈርዲናን ብሩንቲዬር የተባለው ሐያሲ እነዚህን ሰዎች በግለኝነት በሽታ የተያዙ አድርጎ አወገዛቸው። ለአንድ ሰው ብለው የጦሩን ክብርና የአገሩን አንድነት ያናጋሉ አለ። ቃሉን የዛሬው ጸሐፊ ጽሑፍ ውስጥ ብታስገቡት መጋጠሚያው አይታወቅም።

ዱርካይም በዚያው ዓመት መለሰለት። መላሹ ማን እንደነበር ልብ ይባል፦ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1897፣ ከቤተሰብና ከማኅበር የተነጠለ ሰው ራሱን ለማጥፋት ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን በሰፊ ጥናት ያሳየው ሰው ነው። የመነጠልን አደጋ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም ግለኝነትን ተከላከለ። የተከላከለውም ለራስ ጥቅም መሮጥን አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያለውን ሰብዓዊ ክብር መጠበቅን ነው። እንዲህ ያለው እምነት የሚመነጨው ራስን ከመውደድ ሳይሆን ለሰው ሁሉ ከማዘን ነው፤ የአንድ ንጹሕ ሰው መብት በሥርዓት ስም ሲረገጥ የሚጎዳው ማኅበረሰቡን ያያያዘው ገመድ ራሱ ነው ሲል ተሟገተ። ድሬይፉስ በ1906 ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያን ጊዜ ለማያውቁት አንድ እስረኛ ብለው ስድብና ዛቻ የተቀበሉት ሰዎች ናቸው ራስ ወዳዶቹ ወይስ «አንድነታችን እንዳይናጋ ንጹሑ ይበስብስ» ያሉት?

«ድሮ ሁሉም ለሁሉም ይኖር ነበር»

«ሁሉም» ማን ነው? በሽተኛው አልጋ አጠገብ ያደረው፣ ትምህርቱን አቋርጦ ታናናሾቹን ያሳደገው፣ ካልፈለገው ሰው ጋር ዕድሜውን የገፋው ማን ነው? በብዙ ቦታ መልሱ ሴቷ ናት፤ ያውም ፈቃዷ ሳይጠየቅ። በእንግሊዝ እስከ 1882 ድረስ ያገባች ሴት ንብረት በአመዛኙ በባሏ እጅ ነበር። በፈረንሳይ ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈትና ሥራ መያዝ የቻለችው ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ነው። የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት እስከ 1971 ጠብቀዋል። እነዚህ ለውጦች በመጡ ጊዜ ሁሉ ቤተሰብ ፈረሰ፣ ሴቲቱ ራሷን ብቻ አሰበች የሚል ጩኸት ተሰምቷል። ያ ጩኸት ሰምሮ ቢሆን ኖሮ የዛሬዎቹ እናቶችና እህቶች የት ይሆኑ ነበር?

መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ የተደረገን መሥዋዕትነት ደግነት ብሎ ማወደስ ቀላል ነው። ደግነት ግን ደግነት የሚሆነው አልፈልግም ማለት የሚችል ሰው «እሺ» ሲል ነው።

ጸሐፊው የሰብዓዊ መብቶችን ሁለንተናዊ መግለጫ የግለኝነት መጽሐፍ ያደርጉታል። በ1948 የጸደቀውን ሰነድ ገልጠው ቢያነቡት ሁለቱንም ያገኙ ነበር። አንቀጽ 16 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይፈጸማል ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ማንም ሰው የሰውነቱን ነጻና ሙሉ እድገት ሊያገኝ ለሚችልበት ማኅበረሰብ ግዴታ አለበት ይላል። መብቱና ግዴታው አንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«የወደቀን የሚያነሳ ጠፋ»

ለዚህ የቀረበው ማስረጃ የኪቲ ጄኖቪዝ ታሪክ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1964 በኒው ዮርክ ከተማ በመኖሪያዋ አካባቢ ተገደለች፤ 38 ጎረቤቶች ከመስኮት ቆመው እያዩ ዝም አሉ ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ። ወሬው ዓለምን ዞረ። በኋላ ሲጣራ ግን የተጋነነ ሆኖ ተገኘ፤ ዘገባውን ያወጣው ጋዜጣ ራሱ በ2016 ጉድለቱን አምኗል። አብዛኞቹ ምን እንደሆነ በቅጡ አላዩም ነበር። ሶፊያ ፋራር የተባለች ጎረቤቷ ደግሞ ገዳዩ ይኑር አይኑር ሳታውቅ በሌሊት ደረጃውን ወርዳ ደሟ የሚፈስሰውን ኪቲን አቅፋ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ አብራት ቆየች። ለአሥርተ ዓመታት የተነገረው ስለ ሠላሳ ስምንቱ እንጂ ስለ ሶፊያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ መረጃ አለን። በ2019 የታተመ ጥናት በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች የመንገድ ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 ጠቦች መርምሮ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ጣልቃ መግባቱን አሳይቷል፤ ተመልካቹ በበዛ ቁጥርም ረዳት የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። ከ1956 እስከ 2017 በአሜሪካ የተደረጉ ከ500 በላይ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ ደግሞ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ያለው ትብብር መቀነሱ ቀርቶ በጥቂቱ ጨምሯል። ይህ በ2022 የቀረበ ነው።

ግለኝነት በዓለም ላይ መስፋፋቱን አልክድም። የ78 አገሮችን የ51 ዓመት መረጃ የመረመረ የ2017 ጥናት በአብዛኞቹ መጨመሩን፣ ከኑሮ መሻሻል ጋርም መያያዙን አሳይቷል። ግን በ2021 በ152 አገሮች ላይ የቀረበው ሌላ ጥናት ይነበብ፦ ደም መለገስን፣ ለማያውቁት ሰው ኩላሊት መስጠትን፣ ገንዘብና ጉልበት ማዋጣትን ጨምሮ ሰባት የበጎነት ዓይነቶችን ሲያነጻጽር፣ ግለኛ የሚባሉት ባህሎች የበለጠ የሚሰጡ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አልደመድም። ግምቴን ግን እናገራለሁ፦ ሰውን የዘመዴ ወገን ወይም የባዕድ ወገን ብሎ ከመመደቡ በፊት ሰው ብሎ የሚያየው፣ ለባዕዱም እጁን ይዘረጋል። ዘመድን መርዳት ትልቅ ነገር ነው፤ ባዕድን መርዳት ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል።

«ብቸኝነት የግለኝነት ደመወዝ ነው»

ስለ ብቸኝነት ክብደት ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው፣ በዓመትም ከ871,000 በላይ ሞት ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ነገር ግን እዚያው ሪፖርት ላይ ጸሐፊው የዘለሉት ቁጥር አለ፤ ብቸኝነት የሚሰማቸው በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 24 በመቶ፣ በባለጸጋዎቹ 11 በመቶ ገደማ ናቸው። ብቸኝነት የግለኝነት ደመወዝ ቢሆን ቁጥሩ መገልበጥ ነበረበት። እንግሊዝ በ2018፣ ጃፓን በ2021 ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር መመደባቸውንም አንሥተዋል። ጃፓንን ግን ሁለት አንቀጽ ቀደም ብለው ኅብረትን የምታስቀድም አገር ብለው አመስግነዋታል።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ የሚነግረው ያጣ ሰው አለ። የሆዱን ቢናገር የሚፈረድበት፣ ስለዚህም ከሃያ ዘመዶቹ መካከል ለአንዱም ገልጦ የማያውቅ። እርሱን ተጨማሪ ዘመድ አያድነውም፤ የሚያድነው እውነቱን ተናግሮ ሳይገፋ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ፑትናም በ1995ና በ2000 አሜሪካውያን ከማኅበራት እየራቁ መሆናቸውን ሲጽፍ ከምክንያቶቹ መካከል ቴሌቪዥንን፣ የሥራን ጫና፣ ከሥራ ቦታ የራቀ መኖሪያን ጠቅሷል። እነዚህ ሁሉ ልንነካቸው የምንችላቸው ነገሮች ናቸው፤ የሥራ ሰዓት በሕግ ይወሰናል፣ ከተማ በዕቅድ ይሠራል፣ ሰው በነጻ የሚቀመጥበት መናፈሻና ቤተ መጻሕፍት በበጀት ይከፈታል።

«መድኃኒቱ መገዛት ነው»

ጽሑፉ የሚያበቃው ግለሰቡ ፈቃዱን ለማኅበረሰቡ ያስገዛ በሚል ጥሪ ነው። ማኅበረሰብ ግን በራሱ አፍ አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ፣ ገንዘብ ወይም ሥልጣን ያላቸው ናቸው። «ማኅበረሰቡ ይህን ይፈልጋል» ሲባል የማን ፍላጎት እንደሆነ የመጠየቅ መብት ያለው ሰው ከሌለ፣ የጥቂቶች ራስ ወዳድነት የሁሉንም ስም ለብሶ ይመጣል። ጸሐፊው የሚጠሉት ራስ ወዳድነት እዚያም ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሁለት ነገር በግልጽ እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአንድ ሰው ሕሊናና የማኅበረሰቡ ፈቃድ ሲጋጩ ዳኛው ማን ነው? በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ የተበደለ ሰው፣ ድሬይፉስም ይሁን ያለ ፈቃዷ የተዳረች ልጅ፣ ለማን ይጮኻል፣ በየትስ በር ይወጣል?